ለእሷ ብቻ የተጨመረች ቃል

ዓርብ ነበር። ወንድሜና እኔ በግቢያችን ጥግ የጀመርናትን ቤት ግድግዳ ስናነሣ ዋልን። ቤቷ የእሱ ነበረች። ከፋሲካ በኋላ ሊያገባ ነው ተብሎ አባታችን ከጓሮው ቆርሶ ሰጠው፤ ድንጋዩን ግን ራሱ አወጣው፣ ራሱ ጠረበው። ላሊበላ ድንጋይ ጠራቢ ሞልቷል። የእሱ ጥርብ ግን ከሩቅ ይለያል። ጠርዙን ብዙ አያስተካክለውም፤ ድንጋዩን በተፈጠረበት መልክ ይተወውና ከጎኑ የሚሄድለትን ሌላ ድንጋይ ይፈልግለታል።

እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ቤት ነበርኩ። ጭቃ ከጭድ ጋር አቦካለታለሁ፣ ድንጋይ አቀብለዋለሁ። ጾም ስለነበር እናታችን ቆሎ ያመጣችልን ከሰዓት ነው። ሳህኑን ግድግዳው ላይ አስቀምጣ፣ አንዴ ዞር ብላ አይታን ገባች። ወንድሜ ቱምቢውን ጥሎ ግድግዳው ቀጥ ማለቱን ሲያይ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አፉንም አብሮ ያጣምማል። ሁልጊዜ እስቅበት ነበር። ያን ቀንም ሳቅሁ። ስለዚያ ቀን ሳስብ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ያ የተጣመመ አፉ ነው።

«እስኪ ቁጠርልኝ» አለኝ፣ ቆሎውን እየዘገነ።

ምን እንደሚል ገባኝ። እኛ አገር ሁለት ሰዎች ከመጋባታቸው በፊት ቤት ይቆጠራል። የሁለቱ ወገን ሽማግሌዎች ይቀመጡና ከልጁ ወደ አባቱ፣ ከአባቱ ወደ አያቱ፣ በእናትም በአባትም በኩል፣ ሰባት ቤት ድረስ ወደ ላይ ይወጣሉ። ከሰባት ቤት በታች አንድ ሰው ላይ ከተገናኙ ዘመድ ናቸው፤ ጋብቻው ይቀራል። ለዚህ ሲባል ልጆች ዘራቸውን በቃል ያጠናሉ። እኛን ያስጠናን አባታችን ነው።

ወንድሜ የወደዳት ልጅ የፍላቂት ናት። እዚያ ግንብ ሊሠራ ሄዶ ነው ያወቃት። ወላጆቿ ገብስ የሚያርሱ ደኅና ሰዎች ናቸው። ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ቤት ሲቆጠር፣ ሁለቱ በስድስተኛው ቤት አንድ ሰውዬ ላይ ተገናኙ። የእነሱ ዘር ከሰውዬው ወንድ ልጅ ይወርዳል፤ የእኛ ከሴት ልጁ። ሴትዮዋ የአባቴ እናት አያት ናት። በዚያው ሽማግሌዎቹ ተነሡ። አባቴም እህቱን አያገባም ብሎ ነገሩን ዘጋው። ወንድሜ ግን ግድግዳውን መገንባቱን አላቆመም።

ስም በስም ቆጠርኩለት። እሱ፣ አባታችን፣ የአባታችን እናት፣ የእሷ እናት። ከዚያ ወደ ሴትዮዋ ደረስኩና እንዳጠናሁት «የእገሌ የአብራኩ ክፋይ» ብዬ ወደ ሰውዬው ልሻገር ስል አስቆመኝ።

«ለሌሎቹ ‹የአብራኩ ክፋይ› ብለሃል?»

«አላልኩም።»

«ለአባዬ አላልክም። ለአያታችን አላልክም። ለእሷ ብቻ ለምን?»

እንዲህ ነው የተማርነው አልኩት። ከልጅነቴ ጀምሮ ያቺን ቃል እዚያች ቦታ ላይ ስላት ኖሬ፣ ለምን እንደምላት አስቤ አላውቅም።

«ምስክር የሚጠራው የተጠረጠረ ሰው ነው» አለኝ። ከዚያ ሳቀና፣ «አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ምን ነበር የሚያስተምሯችሁ?» አለ።

ሌላም ነገር ነገረኝ። በቆጠራው ቀን ሽማግሌዎቹ ሴትዮዋ ጋ ሲደርሱ፣ የልጅቷ አያት ዘንጋቸውን መሬት ላይ እያሻሹ አቀርቅረው ነበር። አንድ ነገር ዋጡ አለኝ። ከእኛ ወገን ደግሞ የሚያውቅ ካለ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የአባታችን አክስት። መነኩሴ ናቸው፣ ይምርሐነ ክርስቶስ ሥር ነው የሚኖሩት፤ ሴትዮዋ የገዛ አያታቸው ናት። እሑድ እንደሚመጣ ልኮባቸዋል። አብረን እንሂድ አለኝ፣ እሺ አልኩ።

ከዚያ ወደ ሥራችን ተመለስን። ለመስኮቱ ግራና ቀኝ የሚሆን ረዘም ያለ ድንጋይ አልነበረንም። ነገ ከድንጋይ ካባው አወጣለሁ አለ። እጃችንን ታጠብን። መዶሻውን አጥቦ ግድግዳው ላይ አስደገፈው። ያን ቀን ሌላ የሆነ ነገር የለም።

ሌሊቱን የበልግ ዝናብ ዘነበ። ቅዳሜ ጠዋት እሱ ድንጋይ ወደምናወጣበት ካባ ሄደ፣ እኔ ከእናቴ ጋር ገበያ ወጣሁ። ከላይ ያለው አፈር ውሃ ጠጥቶ ኖሮ ተናደበት። ሰዎች ደርሰው ሲያወጡት ነፍሱ ወጥታ ነበር። ስለዚያ ጠዋት ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም። ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ ልንሄድ ባሰብነው እሑድ ቀበርነው።

በሦስተኛው ቀን የፍላቂት ሰዎች ለለቅሶ መጡ። ልጅቷም ከአክስቷ ጋር መጣች። ጥቁር ለብሳ ከድንኳኑ ጥግ ተቀመጠች። ጋብቻው ስለቀረ እንደ ሚስት ማልቀስ አትችል፣ እንደ እንግዳም ማልቀስ አልቻለችም። ነጠላዋን አፏ ላይ እንደያዘች ዋለች። ሲሄዱ እናቴ ተነሥታ አቀፈቻትና ቆየች። ልጅቷ በጆሮዋ የሆነ ነገር ነገረቻት። ሰው ሲወጣ እኔና አባቴን ጠርታ ልጅቷ ነፍሰ ጡር መሆኗን ነገረችን።

አባቴ ወንበሩ ላይ እንዳለ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። ኋላ እንደገባኝ፣ በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ወድቆበት ነበር። የልጁ ዘር አለ። ነገር ግን ያ ልጅ የእኛ ነው ካለ፣ ልጄ ዘመዱን አስረገዘ ብሎ ለአገር መናገሩ ነው። በማግሥቱ ይህ ነገር በዚህ ቤት እንዳይነሣ አለ። እናቴ «እሺ» አለች። እሺ ስትል ግን የወንድሜን ቤት እያየች ነበር፤ ጣሪያ የሌላት፣ መስኮቷ ያላለቀ።

እኔ ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር። ካባው ወዳለበት አቅጣጫ እንኳ መሄድ ፈርቼ፣ ወንዝ ስወርድ ዞሬ ነው የምወርደው። አንድ ነገር ብቻ አውቅ ነበር፤ ወንድሜ አንድ ጥያቄ ጠይቆ መልሱን ሳይሰማ ሄዷል። ልጁ ሲወለድ ወይ የእኛ ይባላል፣ ወይ አባት የሌለው ይባላል። ይህን የሚለየው ‹የአብራኩ ክፋይ› የምንላት የዚያች ሴት ማንነት ነበር። ስለዚህ ወደ እማሆይ ሄድኩ።

እስከተወሰነ ቦታ በመኪና፣ ከዚያ በእግር ነው የሄድኩት። በጽድ ዛፎቹ ጫካ ውስጥ ዳገቱን ስወጣ ከዋሻው ቤተ ክርስቲያን የሚወርዱ ተሳላሚዎች አገኘሁ። እማሆይ ከጫካው ግርጌ አንዲት ክፍል አለቻቸው። ዓይናቸው ደክሟል፤ በድምፄ ወንድሜ መስያቸው መጀመሪያ በእሱ ስም ጠሩኝ። እሱ አለመሆኔን ስነግራቸው መርዶው እንደደረሳቸው ነገሩኝ። ግን ለጊዜው ረስተውት ነበር። ትንሽ አለቀሱ። ከዚያ እጄን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጡኝና፣ «እመጣለሁ ያለኝ ምን ሊጠይቀኝ ነበር?» አሉ።

እንዲቆጥሩልኝ ለመንኳቸው። ፈገግ አሉና ጀመሩ። ሴትዮዋ ጋ ሲደርሱ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «የአብራኩ ክፋይ» አሉ። እናታቸውም እዚያች ላይ ስትደርስ ድምጿን ከፍ ታደርግ እንደነበር ነገሩኝ። ለምን ለእሷ ብቻ? ብዬ ጠየቅሁ። እማሆይ መቁጠሪያቸውን በጣታቸው መቁጠር ያዙ። ከዚያ ልጅ እንዳለ ነገርኳቸው። ገና ያልተወለደ፣ የወንድሜ።

ያን ጊዜ ተናገሩ።

ሴትዮዋ የተወለደችው ላስታ አይደለም። በክፉ ቀን፣ ከብቱ ሁሉ አልቆ ሰው በየመንገዱ በወደቀበት ዘመን፣ ከቆላ እናቷ አዝላ አመጣቻት። እናትየዋ ደጋው አፋፍ ላይ ደርሳ እዚያው ሞተች። አንዲት የገበሬ ሚስት ልጅቷን ሬሳው አጠገብ ተቀምጣ አገኘቻትና ወሰደቻት። ወንድ ልጅ ነበራት፤ ሴት ግን አልነበራትም። ባሏ ለራሳችንም አልበቃንም ብሎ ነበር አሉ። ሚስትየዋ ግን ከየት እንዳገኘችው የማይታወቅ ማር በጡቷ ጫፍ ቀብታ፣ በቄስና በሽማግሌ ፊት ልጅቷን አጠባቻት። የጡት ልጅ አደረገቻት። ባልየውም ከልጄ እኩል ትካፈላለች ብሎ ማለ። ክርስትና ተነሣች። ላስታ ውስጥ አደገች፣ አገባች፣ ወለደች።

እማሆይ ልጅ ሆነው አያታቸውን ያስታውሷታል። አጭር ነበረች። ቤት ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ጎርሶ ካላየች አትጎርስም። በመቀነቷ ጫፍ ሁልጊዜ አንድ እፍኝ ገብስ ቋጥራ ትይዛለች፤ አትበላውም፣ ለማንም አትሰጠውም፣ አዲስ እህል ሲገባ ትቀይረዋለች። ማንም ለምን ብሎ አይጠይቃትም ነበር። «ስትደነግጥ ደግሞ» አሉ እማሆይ፣ እየሳቁ፣ «‹ያ አላህ› ትልና ወዲያው ታማትባለች። ቄሱ ራሳቸው እየሰሙ ይስቁ ነበር።» የእናቷን ፊት ረስታዋለች። የቆላውን ማሽላና አንድ ትልቅ ሾላ፣ ከሥሩም ሰዎች ለሶላት ሲታጠቡ ታስታውስ ነበር። ሌላ ምንም አታስታውስም።

ያሳደጋት ሰውዬ ሲሞት ርስቱን ተካፈለች። ያን ጊዜ የወንድሟ ልጆች ከሰሷት። የጡት ልጅ ከአብራክ ልጅ እኩል ርስት አይገባትም አሉ። ክርክሩ ዓመታት ወሰደ። በመጨረሻ ማሩን በዓይናቸው ያዩ ሽማግሌዎች መሰከሩላትና ረታች። ስትታረቅ ግን አንድ ነገር ጠየቀች። የወንድሟ ወገን ከዚያ ወዲያ እሷንም ዘሯንም የጡት ልጅ፣ መጤ ብለው እንዳይጠሩ፣ ለልጅ ልጅ እንዲምሉ። ማሉ። እሷም ቤቷ ገብታ ሴት ልጇን አስቀመጠችና ዘሯን ስታስቆጥራት ያቺን ቃል ጨመረች። ያቺ ልጅ ለእማሆይና ለእህታቸው አስተማረች። እህታቸው ለአባቴ፣ አባቴ ለእኛ።

«እኔ መነኩሴ ነኝ» አሉ እማሆይ። «ውሸት መሆኑን እያወቅሁ ስቆጥር ኖሬአለሁ። ለመሬቱ ነበር። መሬቱ የመንግሥት ከሆነ ስንት ዘመኑ፤ አሁን ያቺ ቃል ማንን ትጠብቃለች?»

አባቴ እንደማይቀበል ነገርኳቸው። ከእናቱ አፍ የሰማውን አይለቅም አልኳቸው። እጄን ጠበቅ አድርገው ያዙኝ።

«ለአባትህ እንዲህ በለው። ቃሏን የጨመረቻት ልጆቿ ከቤት እንዳይወጡ ብላ ነው። አሁን በእሷ ቃል ልጅ ከቤት የሚወጣ ከሆነ፣ ቃሏን አንሱላት።»

ስወጣ በነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን ዳቦ ቆሎ ሰጡኝ። እየሄድኩ በላሁት። ወንድሜ ከሞተ ወዲያ የምበላው ነገር ጣዕም ሲኖረው ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር።

አባቴ እንደፈራሁት ሆነ። የሰማሁትን ሁሉ ስነግረው ሳያቋርጠኝ አዳመጠ፤ እኔ ነኝ የተንተባተብኩት። የእማሆይን ቃል ስጨርስ ተነሣ። «ለአንድ ልጅ ብለህ እናቴን መጤ ልታደርጋት ነው?» አለኝ። በቁጣ አልነበረም። በቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

እናቴ ከጓዳ ወጣች። ሳህን እያደረቀች ነበር። «መጤ ያልሆነች ሚስት በዚህ ቤት አይቼ አላውቅም» አለች። «እኔስ ከየት መጣሁ?» መልስ ሳትጠብቅ ተመልሳ ገባች።

በዚያ ሳምንት ቅዳሜ ገበያ ላይ፣ ከቆላ በርበሬ የሚያመጡ አንድ ሙስሊም ሽማግሌ ነጋዴ ጋ ቆምኩ። ለምን እንደጠየቅኋቸው አላውቅም፤ በክፉ ቀን ዘመን ከእነሱ አገር ደጋ ወጥተው የቀሩ ሰዎች ሲነሡ ሰምተው ያውቁ እንደሆነ ጠየቅሁ፣ ስለ ሾላውም ነገርኳቸው። ሳቁ። ከእነሱ መንደር ያልወጣ ቤት የለም አሉ፤ የወጣው ሁሉ እንዲፈለግ ከተባለ ገበያው በሙሉ ዘመዳቸው ነው። ከዚያ ትክ ብለው አዩኝ። ትልቅ ሾላ ግን አለን አሉ፣ በሁሉም መንደር አለ። «ለማንኛውም አንድ ቀን ና፣ ከሥሩ ተቀመጥ። ዘመድ ነኝ ብለህ ግን በርበሬ በነፃ እንዳትጠይቀኝ።» የእሷ መንደር የትኛው እንደሆነ ምናልባት መቼም አላውቅ ይሆናል። ቢሆንም እወርዳለሁ።

አንድ ቀን አባቴ በጠዋት ወጥቶ ዋለ። የት እንደሄደ ለማንም አልነገረም። ማታ ሲመለስ ጫማው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ነበር፤ በጭቃው ላይ የጽድ ቅጠል ተለጥፎበታል። እናቴ ውሃ አቀረበችለት። እኔ ጫማውን ወስጄ አጠብኩት። የእማሆይ ጫካ ትዝ አለኝ።

የወንድሜ አርባ ከፋሲካ በኋላ ዋለ። ሰው ብዙ መጣ። አብረውት ድንጋይ የሚጠርቡ ልጆች መጡ፣ የልጅቷ አያት፣ የፍላቂቱ ሽማግሌም ከሁለት ልጆቻቸው ጋር መጡ። ልጅቷ ግን አልመጣችም፤ ሆዷ ይታይ ጀምሯል። ጸሎቱ ደርሶ ሰው በልቶ ከጨረሰ በኋላ፣ ጎረቤቱ ሊነሣ ሲል አባቴ ቆመ። የንስሐ አባታችንን ይቅርታ ጠየቀና ሽማግሌዎቹ እንዲቀመጡለት ለመነ። ቤት እንዲቆጠር እፈልጋለሁ አለ።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ በቀስታ፣ ለሞተ ሰው ቤት አይቆጠርም አሉት።

«ለሞተው አይደለም» አለ አባቴ። «ለሚወለደው ነው።»

አባቴ ሲቆጥር ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ሁልጊዜ ከራሱ ወይም ከእኛ ይጀምራል። ያን ቀን ከታች ጀመረ። «የሚወለደው» አለ። ከዚያ የወንድሜን ስም ጠራ። ድምፁ ተሰበረ፤ ጠበቅነው። ከዚያ ራሱን፣ እናቱን፣ የእናቱን እናት። ሴትዮዋ ጋ ደረሰ። ስሟን ጠራና ቆመ። እኔ ከንፈሬ ያቺን ቃል ሊላት ሲንቀሳቀስ ተሰማኝ፤ ልማድ ነው። አባቴ ወደ ፍላቂቱ ሽማግሌ ዞሮ በሁሉም ፊት፣ «የጡት ልጅ» አለ። «ከቆላ የመጣች። ለእናንተ በደም ምናችሁም አይደለችም። ለእኛ ግን እናት ናት።»

ሽማግሌው ዘንጋቸውን መሬት ላይ አስተኙ። ሁለት እጃቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ ተናገሩ።

«ከአንቱ አፍ እስኪወጣ ነበር የምንጠብቀው። እኛማ ምላሳችን በአያቶቻችን መሐላ የታሰረ ነው።»

ልጅ ሳሉ ‹የጡት ልጅ› የምትለውን ቃል በጨዋታ ተናግረው አባታቸው በጥፊ እንደመቷቸው ነገሩን። ከዚያ ቀን ወዲያ አውጥተው አያውቁም። በቆጠራው ቀንም ውጠዋት ሄደዋል። ካጠገባቸው የነበሩ አንድ ጎረቤታችን፣ ከሁለቱም ቤት የሚያውቅ ሰው እያለ አንዱ ለክብሩ፣ አንዱ ለመሐላው ሲል ዝም ብሎ ሠርግ አስቀረ፤ ይህን የሚችል የላስታ ሰው ብቻ ነው አሉ። ሰው ሳቀ። በተዝካር ላይ የሚሳቅ ዓይነት ሳቅ፣ አጭር። እኔ አልሳቅሁም። ሽማግሌው በዚያን ቀን ቢናገሩ ኖሮ ብዬ እያሰብኩ ነበር። አዩኝ መሰለኝ፣ ወደ እኔ መጡና አጠገቤ ተቀመጡ። እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አድርገው ቆዩ። ቁጣዬ በዚያ ሁሉ አልሄደም፤ ግን እጃቸውን ልገፋው አልቻልኩም።

የንስሐ አባታችን ነገሩን ጨረሱ። የጡት ዝምድና የጠባውንና ያጠባውን ያስራል እንጂ ሰባት ቤት አይወጣም፣ ሰባት ቤት የሚቆጠረው ደም ነው አሉ። ወንድሜና ልጅቷ ዘመድ አልነበሩም። ሥርዓተ ጋብቻው ሳይፈጸም መገናኘታቸው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ለዚያ ንስሐ አለው፣ የሟቹን ድርሻ ቤተሰቡ ይጸልይለት፣ የእሷን እኔ አየዋለሁ አሉ። ልጁ ሲወለድ የማን ልጅ እንደሚባል ማንም መልሶ አልጠየቀም። ተቆጥሯል።

ሰው ሲበተን ሽማግሌው አባቴን ወደ ጎን ወሰዱት። ልጅቷ እናቷ ዘንድ ትውለድ፤ ከዚያ በኋላ የት እንደምትኖር ራሷ ትወስን ተባባሉ። አባቴ የወንድሜን ቤት በእጁ አሳያቸው። ለእሷና ለልጁ መሆኗን ነገራቸው፤ ብትኖርባትም ባትኖርባትም የእነሱ ናት አለ። ሽማግሌው ዞረው ግድግዳውን አዩ። በእጃቸው ዳሰሱት። ጥሩ እጅ ነበረው አሉ።

«መስኮት ብቻ ነው የሚቀራት» አለ አባቴ። «እና ጣሪያ።»

ከዚያ ሁለቱም እኔን አዩኝ።

በማግሥቱ ጠዋት ተነሣሁ። የወንድሜን መዶሻ፣ መሮና ሽብልቆቹን ከተደገፉበት አነሣሁ። እናቴ አየችኝ፤ በጨርቅ ቆሎ ቋጠረችልኝ። ወደ ወንዙ ስወርድ አልዞርኩም። ካባው ጋ ስደርስ የተናደው አፈር ደርቆ ሣር በቅሎበት ነበር። ትንሽ ተቀመጥኩ። ከዚያ እሱ እንደሚያደርገው አንድ ዓይኔን ጨፍኜ፣ አፌንም አጣምሜ መሆን አለበት፣ ከላይ ያለውን አፈር አየሁ። አንዱ ወገን የተሰነጠቀ ስለመሰለኝ ተውኩት። በሌላው ወገን ዞሬ ረዘም ያለ፣ ለመስኮት የሚሆን ድንጋይ መረጥኩና የመጀመሪያውን ሽብልቅ መታሁ።